የባለቤት ስም

ከወገል ጤና ላይ በባጃጅ ተነሥቼ፣
መንገዱ ሲያልቅበት በእግሬ ወጥቼ፣
ቅጹን በፌስታል ውስጥ ከዝናብ ደብቄ፣
ጥንጁት በር ደረስኩኝ መንደሩን ጠይቄ።

«የቅርስ ምዝገባ፣ ቅጽ ቁጥር ሦስት» ይላል፤
ርዝመት፣ ስፋት፣ ዘመን፣ ሁሉን ይጠይቃል።

ይማም አራጋውን አገኘሁት ሲወቃ፣
በሬው ምስር ሲረግጥ፣ ጀንበሯ ፈንድቃ።
አውድማው ልስን ነው፤ እበት አልነካውም፣
ገጣጥመው ጠርበውት ምላጭ አይገባውም።
እዚህ ላይ መነኩሴ በመቋሚያ ቆሟል፤
ዛሬ መንሽ፣ ላይዳ፣ ከግንቡ ላይ አዝምሟል።

«ጋሽ ይማም፣ ዘመኑ ስንት ነው ይባላል?»
«አያቴ ሲያገኘው ፈርሶ ነው ይለናል፤
ያያቴም አያት ፈርሶ ነው ብለዋል።»

ጻፍኩ፦ ‹የማይታወቅ›። እሱ በሬ ነዳ፣
እኔ ሜትር ዘረጋሁ ከበር እስከ ጓዳ፤
ዐሥራ ሰባት በዘጠኝ፣ ካፈር በላይ ያለው፤
ቀሪውን ቀጋውና አጋሙ ነው የበላው።

ከታች፣ ገደሉ ላይ፣ ልጆቹ ኦፓል ቆፍረው፣
ቀለም ያለው ድንጋይ በግራም ቸርችረው፣
ይህን ማን ያየዋል? አይብለጨለጭ፣ አያበራ፣
አይመዘን፣ አይሸጥ፣ ደላላ አይጠራ።

በየጓሮው ዞርኩኝ።
ሐረግና መስቀል የወጣበት ድንጋይ፣
የሐዋ ጥጃ ጨው ትልሳለች ከላይ።
ምላሷ መስቀሉን ሲያለሰልስ ኖሮ፣
አንድ ክንዱ ጠፍቶ ሦስት ቀረ ዘንድሮ።
«ሰው መሳለም ትቶ፣» አለች ጨው ፈትታ፣
«ጥጃዬ ትሳለም፣ በማለዳ ነቅታ።»

አምና ከወረዳው የተላከ ቆርቆሮ፣
«ጥብቅ ቅርስ ነው፣ አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ቋጥሮ፣
ተተክሎ ነበረ። ዘንድሮ ብፈልገው፣
ዶሮ ቤት ከድኗል፤ ማን ይሆን ያረገው።
ሌላው ቀለም ለቆ፣ ‹አትንኩ› ብቻ ቀርታ፣
ከሥሯ፣ እንቁላል ላይ፣ ዶሮዋ ተኝታ።
ልቆጣ አሰብኩና ሳቅ አፍኖ ያዘኝ፤
ለጥበቃ እንደሁ ጠብቋል፣ ምን ጎደለኝ?

መጨረሻ ቀረች አንዲት ባዶ መስመር፤
‹የባለቤት ስም› ነች፣ ከፊርማዬ ድንበር።
«ያንተ ነው?» ስለው ይማም ራሱን ነቀነቀ፣
«እኔማ እስላም ነኝ» ብሎ ቀስ አለና ሳቀ።
«የመናኝ እንዳልል፣ መናኝ የለም ጎኔ፤
የመንግሥት እንዳልል፣ የምጠርገው እኔ።
አባቴ ግን ሲሞት ኑዛዜው ይህ ነበር፦
‹ዙሪያውን እረሰው፣ ግንቡን ግን አትድፈር፤
ፈጣሪን የጠሩበት ቦታ፣ በየትኛውም አፍ፣
በማረሻ አይቀደድ፣ ድንጋዩ አይሸረፍ።›»

«ውቂያውስ?» አልኩት።
«ምስር ቢፈስበት ምን ክፋት አለው?
እነሱም ቢሆኑ ከጾሙ በኋላ ራት ነበራቸው።»

ከወይራው ቅርንጫፍ፣ በጠፍር ታሥሮ፣
ረጅም ድንጋይ አለ፣ አንድ ጫፉ ተሰብሮ።
«ደወል ነው» አለና በጠጠር መታልኝ፤
ከድንጋይ ያልጠበቅኩት ቀጭን ድምፅ ወጣልኝ።
አሁን የሚመታው ዝንጀሮ ሲመጣ፣
ሰው ሲሞት፣ ጎርፍ ሲሞላ፣ ለደቦ ሰው ሊወጣ።

ድምፁ ወደ በሽሎ ገደል ለገደል ወረደ።
በሬዎቹ ቆሙ። ሐዋ ቀና አለች። አንድ ውሻ ጮኾ ሄደ።
ከማዶ፣ ከማሳው፣ «ማን ሞተ?» ሲል ተጣራ፤
«ማንም!» አለ ይማም፣ «እንግዳ ነው፣ አትፍራ!»

መስመሯን ሳልሞላ ቅጹን አጠፍኩና፣
ወረድኩኝ፤ ዝናቡም አረፋፍዷልና።

ቢሮ ስከፍተው ግን፣ ከእጥፋቱ መሐል
አንድ ፍሬ ምስር ዱብ ብሎ ተንከባሏል።